ጎማው ለመንገዱ ነው ወይስ ለጀለሶቹ?

ፍቅርና ቅናት፣ የአማት ነገር፣ የቤት ኪራይ ጣጣ ሲጎርፍበት የኖረው የደብዳቤ ሳጥናችን በዚህ ሳምንት ደግሞ ጎማ ይዞ ብቅ ብሏል። አትሳቁ! ደብዳቤውን ስታነቡት ነገሩ የጎማ ብቻ እንዳልሆነ ትረዱታላችሁ። እነሆ፦

«ዕድሜዬ 29 ነው። በጥር ወር ከእጮኛዬ ጋር ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። ሁለታችንም በቆጠብነው ብር ላይ ወንድሟ ጨምሮልን አንዲት አሮጌ፣ አጭር ራቭ ፎር ገዝተናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አዲስ አበባ ውስጥ እነዳታለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቤተሰብ ለመጠየቅ አዳማ እንሄዳለን። በወር አንዴ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ወይ ሱባ ጫካ፣ ወይ ላንጋኖ፣ ወይ አዋሽ ፓርክ እንወጣለን። አሁን አራቱም ጎማዎች አልቀዋል። ጓደኞቼ ‹ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ግጠምባት፣ ያኔ መኪና ትመስላለች› ይሉኛል። እጮኛዬ በበኩሏ ‹ሠርግ ደርሶብናል፣ ያገለገለ ጎማ ግዛና የተረፈው ለድንኳን ይሁን› ትላለች። የልቤን ስነግራት ‹አንተ ከእኔ ይልቅ የጓደኞችህን አፍ ነው የምትሰማው› ብላ አኮረፈች። ይኸው ከተዘጋጋን አራተኛ ቀናችን ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

የራቭ ፎሯ ባለቤት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ አራት ጎማ፣ አራት ቀን ኩርፊያ! በጎማ አንድ ቀን መሆኑ ነው። ትርፍ ጎማውን ከቆጠራችሁት ነገም ልትዘጋጉ ነው ማለት ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቢሆንም ጎማ የማንም ሰው ጉዳይ ነው፤ መኪናው ቶን ቢመዝን መሬቱን የሚነካው በአራት መዳፍ በምታክል ላስቲክ ብቻ ነው። እናንተ ሁለታችሁ፣ ጀለሶችህና የያዛችሁት ዕቃ በሙሉ በእነዚህ አራት መዳፎች ላይ ነው የምትጓዙት። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማውን እንየው፣ ኩርፊያው ቀጥሎ ይመጣል።

ሦስቱ ዓይነቶች

ለእንዳንተ ዓይነቷ የመስክ መኪና ገበያ ላይ የሚገኘው ጎማ በጠቅላላው ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የአስፋልት ጎማ ነው፣ ሻጮቹ «ኤች ቲ» ይሉታል። ጥርሶቹ ጠጋ ጠጋ ያሉ፣ ረድፋቸውን የጠበቁ ናቸው። ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ አይበላም፣ በዝናብም ቢሆን አስፋልት ላይ ቶሎ ያቆማል። ደህና ጠጠር መንገድ አያስፈራውም። ጭቃና ስለት ያለው ድንጋይ ግን ጓደኞቹ አይደሉም።

ሁለተኛው «ኤ ቲ» የሚባለው፣ ለሁሉም መንገድ ተብሎ የተሠራው ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለ ነው፣ ጠርዙ የተቆራረጠ ነው፣ ላስቲኩም መቆረጥን ይበልጥ ይቋቋማል። አስፋልት ላይ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ነዳጅም በጥቂቱ ይጨምራል። በውስጡ ደግሞ ሁለት ባሕርይ አለ፦ ወደ አስፋልቱ ያደላ ለስለስ ያለ አለ፣ ወደ ጭቃው ያደላ ሻካራም አለ። ሁለቱም ላይ «ኤ ቲ» ተብሎ ስለሚጻፍ ጥርሱን በዓይንህ አይተህ መለየት ይኖርብሃል።

ሦስተኛው ጀለሶችህ ያፈቀሩት «ኤም ቲ» ነው፤ የጭቃ ጎማ! ጥርሶቹ እንደ ጡብ ትልልቅ ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ጣት ያስገባል። ክፍተቱ የተሠራው ጭቃውን እየተፋ እንዲሄድ ነው። ዋልካ መሬት ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢገዛው አይፈረድበትም። አስፋልት ላይ ግን ያ ሁሉ ክፍተት መሬት የማይነካ ባዶ ቦታ ነው። በረጠበ አስፋልት ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ለመቆም ብዙ ሜትር ትፈልጋለች። ጩኸቱ ደግሞ እጮኛህ ከጎንህ ሆና ብትታረቅህም አትሰማትም!

እግረ መንገዴን ስለ ትልቅ ጎማ አንድ ነገር ልበል። የዚያ ዘመን ራቭ ፎር አብዛኛውን ጊዜ የምትጫማው 215/70 አር 16 ነው። በእሱ ምትክ 235/75 አር 16 ቢገጠም የጎማው ቁመት በሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል። የፍጥነት መቁጠሪያህ 100 ሲልህ አንተ በ107 እየበረርክ ነው ማለት ነው። መሪ ስትጠመዝዝ ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል፣ ፍሬኑም ከለመደው የከበደ ጎማ ያቆማል። ለአጭር መኪና ረጅም ጫማ አያምርም፣ ያውም ቁልቁለት ላይ!

መንገድህን በብር ሳይሆን በኪሎ ሜትር ቁጠረው

ደብዳቤህን ይዤ ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብትነዳ በ22 የሥራ ቀን 550 ይሆናል። አዳማ ደርሶ መልስ 200 ነው ብንል በወር ሁለት ጊዜ 400። አዋሽ ፓርክ ደግሞ ደርሶ መልስ 400 ገደማ ይሁንና ፓርኩ ውስጥ ያለው የጠጠርና የድንጋይ መንገድ 50 ይሁን። ድምሩ 1400 ነው። ከዚህ ውስጥ ከአስፋልት ውጪ የሆነው 50 ብቻ! ከመቶው አራት እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ጀለሶችህ የሚያስገዙህ ለዘጠና ስድስቱ የማይሆን ጎማ ነው። እንደውም እነሱ ራሳቸው የሚሳፈሩት በዘጠና ስድስቱ ላይ ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ እስከ 120 ይነዳል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አስፋልቱ ላይ ውሃ ይተኛል። ያን ውሃ ጨፍልቆ ወደ ጎን የሚያወጣው የጎማው ጥርስ ነው። ማውጣት ካቃተው መኪናዋ እንደ ጀልባ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፣ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝህም። አዲስ አበባ–አዳማን ለሚመላለስ ሰው ዋናው ፈተና ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ያችን አራት በመቶ ንቀህ አትለፋት። በአዋሽና በመተሐራ ዙሪያ፣ ከፈንታሌ ተራራ በታች ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ትፍ ነው፤ ጠርዙ ይቆርጣል። ጎማ በጥርሱ በኩል በሚስማር ቢበሳ ጎሚስታ ይጠግነዋል። ጎኑ ላይ ከተቀደደ ግን አለቀለት። ከመነዳሪ ከትቶ «ይሄዳል» የሚልህ ካለ ይሄዳል፣ የት ድረስ እንደሚሄድ ግን አይነግርህም። ሱባ ጫካም ቢሆን በጋ ላይ ሽርሽር ነው፣ ክረምት ላይ ግን አቀበቱ ሳሙና ይሆናል።

ስለዚህ ለአንተ የምለው ወደ አስፋልቱ ያደላውን፣ ለስለስ ያለውን «ኤ ቲ» ግዛ ነው። ጉዟችሁ በበጋ ብቻ፣ ያውም ላንጋኖ ሆቴል በር ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ኤች ቲ» ይበቃሃል እልህ ነበር። «ኤም ቲ»ን ግን በየትኛውም ሒሳብ አላገኘሁትም።

ጎኑ ላይ የተጻፈው

ጎማ መታወቂያውን ጎኑ ላይ ተነቅሶ ነው የሚወለደው። 215/70 አር 16፣ 99 ኤስ የሚል ብታገኝ እንዲህ ታነበዋለህ። 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። አር የውስጡ ክር አሠራር ራዲያል መሆኑን ይነግርሃል። 16 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 99 የሸክም ቁጥር ነው፣ አንዱ ጎማ እስከ 775 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ኤስ የፍጥነት ጣሪያ ነው፣ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በኤስ ቦታ ኪው ቢሆን 160፣ ኤች ቢሆን 210 ነው።

እዚህ ላይ ብልሃቱ ቀላል ነው፦ የሾፌሩን በር ከፍተህ በሩ ፍሬም ላይ ወይም የመኪናዋ መመሪያ ላይ ያለውን ልክ እይ። የምትገዛው ጎማ የሸክም ቁጥሩ ከዚያ ማነስ የለበትም። አራት ሰው፣ ድንኳን፣ የምግብ ሣጥንና ጀሪካን ጭነህ የምትወጣው አንተ ነህ፣ ሻጩ አብሮህ አይመጣም።

የ«15» ጨዋታ

አሁን ብዙ አራዳ ነኝ ባይ የሚሸወድበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የልደት ቀኑ ናቸው። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አንዱ ጎን ላይ ካጣኸው አዙረህ በሌላው ጎን ፈልገው።

ታዲያ ይህ ዓመት የፈረንጅ ነው! ሻጩ «የ15 ነው፣ ገና አዲስ!» ሲልህ አንተ በልብህ 2015 ዓ.ም. ትላለህ። ጎማው ላይ 4115 የሚል ካለ ግን የተሠራው በፈረንጆቹ 2015 ጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ በእኛ መስከረም 2008 ማገባደጃ ላይ ነው። በሰባት ዓመት ተሸወድክ ማለት ነው። ሻጩም አልዋሸህ፣ ቁጥሩንም አልፋቀ፤ የሸወደህ የዘመን አቆጣጠር ነው።

«መንገድ ካልነካ ዕድሜው ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ላስቲክ እንደ እንጀራ ነው፣ ሳይበላም ይደርቃል። ፀሐይና አየር ቀስ በቀስ ያደርቁታል፣ ጎኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ያወጣል። አንዳንድ መኪና ሠሪዎች ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቀየር ይላሉ። የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይውጣ ይላሉ። ትርፍ ጎማህም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ከኋላ በር ላይ ተሰቅላ ፀሐይ ስትመታት የኖረችዋን ትርፍ ጎማ መቼ አየሃት?

ያገለገለውስ?

እህቴ፣ አሁን ደግሞ ወደ አንቺ ልዙር (ጋዜጣውን ከእሱ ነጥቀሽ እንደምታነቢው አልጠራጠርም)። ገንዘቡን ማሰብሽ ትክክል ነው። ነገር ግን ያገለገለ ጎማ ታሪኩን አይናገርም። በግማሽ ንፋስ ስንት ጊዜ እንደተነዳ፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደተላተመ፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ንብርብር መላቀቅ መጀመር አለመጀመሩን ከላይ ታጥቦና ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ስታይው አታውቂውም።

የጥርሱን ልክ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። በጥርሶቹ መሃል ባሉት ቦዮች ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታው እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በብዙ አገር ሕግ የመጨረሻው ወለል ይህ ነው። በዝናብ ለሚነዳ ሰው ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ መቀየሩ ይመከራል። ከዚያ በታች የሆነ ጎማ ለበረባሶ እንጂ ለአዳማ መንገድ አይሆንም።

ደግሞም የእናንተ ራቭ ፎር አራቱንም እግሮቿን የምታንቀሳቅስ ከሆነች ከየገበያው የተለቃቀመ ጎማ አይስማማትም። የአንዱ ጥርስ ሙሉ፣ የሌላው ያለቀ ሲሆን ጎማዎቹ እኩል አይዞሩም፣ ጣጣው ወደ ካምቢዮና ወደ ዲፈረንሺያል ይወርዳል። በጎማ ላይ የተረፈው ብር እዚያ ይበላል። አራቱም አንድ ልክ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ጊዜ የተገዙ ይሁኑ። ከዚያ በየ8 እና 10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት እያዛወራችሁ እኩል እንዲያልቁ አድርጉ።

በረሃ ስትወርዱ ንፋስ አታውጡ!

ከሁሉ በላይ የምታስፈራኝ ምክር ይህቺ ናት፦ «ቆላ ስትወርድ ጎማው ስለሚግል ንፋስ ቀንስለት፣ አለዚያ ይፈነዳል።» ስትሰማት እውነት ትመስላለች። ነገሩ ግን ግልብጥ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጣጥፈው እንደሚግለው ሁሉ ጎማውም ከውስጥ ይግላል፣ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፣ በመጨረሻ በፍጥነት ላይ ሳለህ ቆዳው ተገፎ ይሄዳል። በሙቀት ንፋሱ ጥቂት ከፍ ማለቱን ሠሪዎቹ አስበውበታል።

ይህ ወሬ አይደለም። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2000 አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያና ከመንገድ ለመሰብሰብ ተገድዷል። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር በሚባለው የመስክ መኪና ላይ ነበር። ቆዳው እየተላቀቀ መኪናው ሲገለበጥ ከ200 በላይ ሰዎች እንደሞቱ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መዝግቧል። አደጋው የበዛው በሞቃቶቹ የደቡብ ግዛቶች ነበር። ስለ ጥፋተኛው ሁለቱ ኩባንያዎች ተካሰዋል፤ ከተነሡት ነጥቦች አንዱ ፎርድ ለጎማዎቹ የመከረው 26 ፒኤስአይ ንፋስ ዝቅተኛ ነው የሚለው ነበር። ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ሸክምና ያነሰ ንፋስ አንድ ላይ ሲገናኙ የሚሆነው ይህ ነው። አራቱም ደግሞ አዋሽ ስትወርዱ አብረዋችሁ ሊሳፈሩ ይችላሉ። የመስክ መኪና ቁመቷ ከፍ ያለ ስለሆነ ጎማ ሲፈነዳ መገልበጥ ይቀናታል።

ስለዚህ ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በበሩ ፍሬም ላይ በተጻፈው ልክ አስለካ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የጣሪያው ልክ ነው፣ እሱን አትሙላ። መንገድ ላይ ሞቆ ከፍ ብሎ ብታገኘው አትንካው። ጠጠር ወይም አሸዋ ላይ ስትገቡ ከ30 ወደ 25 ዝቅ ማድረግ ጉዞውን ያለሰልሳል፣ መያዣም ይጨምራል፤ ሆኖም ቀስ ብለህ ንዳ፣ አስፋልት ላይ ሳትወጣም መልሰህ ሙላ። ከሲጋራ መለኮሻው ኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ መንፊያና አንዲት መለኪያ መኪናዋ ውስጥ ይኑሩ። መንፊያ ከሌለህ መቀነሱንም ተወው።

አዲሱ ጎማ ሲገጠም ባላንስና አላይመንት አሠራ። የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብለህ ንዳ፣ አዲስ ላስቲክ እስኪፋቅ ድረስ ያንሸራትታል። ክሪኩና ቁልፉ መኖራቸውንም ጭለማ ሳይመጣ አረጋግጥ።

እንግዲህ ስለ ኩርፊያው

ወንድሜ፣ እጮኛህ ያኮረፈችው በላስቲክ አይደለም። ጋቢና ውስጥ ከጎንህ የምትቀመጠው እሷ ሆና ሳለ፣ ስለ መኪናው የሚወስነው ከኋላ የተቀመጠው መሆኑ ነው ያንገበገባት። መኪናዋ የተገዛችው ደግሞ በእሷም ቁጠባ፣ በወንድሟም ብር ነው። «የጓደኞችህን አፍ» ያለችህ ለዚህ ነው። በዚህ ላይ እውነቷን ነው።

አንቺም እህቴ፣ ድንኳኑ ለአንድ ቀን ነው፣ ጎማው ግን ከሠርጉ በኋላ ለብዙ ዓመት ተሸክሟችሁ የሚሄድ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ይኖራል። ከድንኳኑ ጥቂት ወንበር ብትቀንሱ የሚቆጣ ዘመድ ይኖር ይሆናል፣ ቢበዛ እስከ ፋሲካ ያኮርፋል።

ነገ ጠዋት እንዲህ አድርጉ። ሁለታችሁም አብራችሁ ጎማ ቤት ሂዱ። እሱ ጥርሱን ይይ፣ አንቺ ቀኑን አንብቢ። ሻጩ «የ15 ነው» ካለ «የማን 15?» በሉት። ጎማ መምረጥ ያቃታቸው እጮኞች ሥጋ ቤትና የቪዲዮ ባለሙያ ሲመርጡ እንዴት ሊሆኑ ነው?

ጀለሶቹስ? እነሱ መፍትሔ አላቸው። ለመኪናዋ ያን ያህል ካሰቡላት ለሠርጋችሁ ስጦታ ሁለቱ ሁለት ሁለት ጎማ ይግዙላችሁ! ልኩን ከዚሁ ጋዜጣ ላይ ቆርጣችሁ ስጧቸው። ያኔ የጭቃ ጎማ ፍቅራቸው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታያላችሁ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን!